በግራጫም የምትነበብ ካርታ

«ከትራም ሾፌሮቹ አንዱ ቀይና አረንጓዴ አይለይም ይባላል» አሉ ወይዘሮ ቲትየን፣ ገና እንደምን አደራችሁ ሳይሉ። ታች ቤት ነው የሚኖሩት። በትራሞቹ ጋራዥ ምግብ ቤት ሾርባ ይቀዳሉ፤ ወሬውንም በዚያው ጭልፋ ነው የሚያድሉት። ከሰኞ ጀምሮ ይህችን አንዲት ነገር ይዘው ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ ሰነበቱ። ማክሰኞ ዕለት ሰውዬው እርግብ ገጭቶ ነበር። ረቡዕ እርግቧ ብስክሌት ሆነች። ዛሬ ዓርብ ብስክሌቱ የሕፃን ጋሪ ሆኖ አደረ። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን ትንሽ ደነገጡ መሰለኝ፣ «ጋሪው ባዶ ነበር» አሉ። «ባዶ ባይሆንስ ኖሮ? እስቲ እሱን አስቢው!»

አባቴ ዳቦው ላይ ቅቤ መቀባቱን አላቆመም። ቀስ አለ እንጂ አላቆመም። «ማነው እሱ?» አለ፣ ስለ ዝናብ እንደሚጠይቅ ሰው።

«ስሙ ቢታወቅማ ምኑን ወሬ ሆነው! እኔ የምጠረጥረው ግን ያንን አዲሱን ነው። በቀደም አንዱ ካልሲው ቡኒ፣ አንዱ አረንጓዴ ነበር። በእነዚህ ዓይኖቼ ነው ያየሁት።»

«በካልሲማ ከተፈረደ እርስዎም አይተርፉም» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩ። «እኔ ትራም አልነዳ!» አሉና ካፖርታቸውን ሊለብሱ ወረዱ። ትናንት ጎመን የላክንበትን ሳህን ሊመልሱ ነበር የመጡት፤ ሳህኑን ግን እንደያዙት ሄዱ።

ወጥ ቤታችን ሁለት ሰው ሲቀመጥባት ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ናት። መስኮቱ ሐዲዱን ያያል፤ ትራም ባለፈ ቁጥር መሳቢያው ውስጥ ማንኪያዎቹ እርስ በርስ ያወራሉ። ታች ያለው ዳቦ ጋጋሪ ትንሿን ዳቦ ሰባ ሳንቲም ካስገባት ወዲህ አባቴ ከሁለት ወደ አንድ ወርዷል፤ ውድ ሆነ አይልም፣ ጠገብኩ ነው የሚለው። ሙዝ ሲገዛ በጣቱ ይጫነዋል፣ በዓይኑ አያየውም። ሥጋ ሲጠብስ መብሰሉን በሹካ ወግቶ፣ ሲጫን በሚሰማው ነው የሚያውቀው። ካልሲዎቹ ሁሉ ጥቁር ናቸው፤ የምገዛለት እኔ ነኝ። ስልኩን ሲሰካ ያቺ ነቁጥ የምታህል መብራት ቀይ ትሁን አረንጓዴ አይለይምና «ሞላ?» ይለኛል፣ እኔም ከሌላ ክፍል ሆኜ «ሞላ» ወይም «ገና ነው» እላለሁ። በዚህ ቤት ይህ ነገር ስም ተሰጥቶት አያውቅም። ወይዘሮ ቲትየን ከሰኞ ጀምሮ በደረጃው ላይ የሚያሳድዱት ሰው ወጥ ቤታችን ተቀምጦ፣ ቅቤ እየቀባ፣ «ማነው እሱ?» ይላል።

የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም በየጊዜው ሾፌሮቹን ይመረምራል። ለዓይን ምርመራ አንድ መጽሐፍ አለው፤ በየገጹ በነጠብጣብ የተሞላ ክብ፣ በነጠብጣቡ መካከል የተደበቀ ቁጥር። እኔ ቁጥሩን አያለሁ። አባቴ የሚያየው ምስር ነው፣ የፈሰሰ ምስር። ሐኪሙ ግን መጽሐፉን ቀይሮት አያውቅም፤ የገጾቹንም ቅደም ተከተል አዟዙሮት አያውቅም። አባቴ ቁጥሮቹን ሌላው ሰው ጸሎት እንደሚያጠና አጥንቷቸው፣ ሐኪሙ ገጽ ሲገልጥ ትንሽ ያሰበ መስሎ ይጠራለታል። ይህንን የምናውቀው እሱና እኔ ነን። እኔም ነግሮኝ አይደለም፤ ከምርመራ በፊት ባሉት ቀናት ጢሙን ሲላጭ ሲያነበንብ ሰምቼው ነው።

ወሬውን ያስጀመርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ የትራሙ መሥሪያ ቤት ካርታዬን እንዳሳይ ጠርቶኝ ነበር። አሮጌውን ካርታ ሊለውጡ ነው፤ ከቀረቡት ሥራዎች ለመጨረሻው ዙር የቀሩት ሁለት ናቸው፦ አንዱ የሃምቡርግ ባለሙያዎች የሠሩት፣ አንዱ የእኔ። የሥምሪት ኃላፊው አቶ ብሮክሆፍ ወረቀቴን በሁለት ጣቱ አንስቶ፣ «ወይዘሪት ሬንትስ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለማን ነው? አሁን ባለው ካርታ ተቸግሬያለሁ ብሎ የመጣ አንድ ሰው የለም» አለኝ። የትኛው ትምህርት ቤት እንደተማርኩም ጠይቆኝ ነበር፤ «ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት» ስለው አብሮት የተቀመጠው የማስታወቂያ ክፍሉ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው። ሳቁ ባይኖር ዝም እል ነበር። «የተቸገረ ሰው ከፈለጉ ሩቅ አይሂዱ፤ ከራስዎ ሾፌሮች አንዱ ካርታዎን ማንበብ አይችልም» አልኩት። እውነት ነው፤ እውነቱን ግን ለእሱ መስጠት አልነበረብኝም። ትናንት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ ደወለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ነገ ሲመጡ ያንን ሾፌር ይዘው ይምጡ። ካልሆነ ግን ንግግራችን ሌላ ይሆናል።»

ስለ ካርታዬ አላፍርም። አሮጌው ላይ መስመር ሦስት አረንጓዴ፣ መስመር ስምንት ቡኒ ቀይ ነው፤ ከገበያው እስከ ወደቡ ድረስ ተጣብቀው ይሄዳሉ፤ ለአባቴና ለመሰሎቹ ሁለቱ አንድ ወፍራም ገመድ ናቸው። ወደቡ ጋ ገመዱ ሲተረተር የትኛው ክር ወደ ሆስፒታል፣ የትኛው ወደ ዓሣ ፋብሪካ እንደሚሄድ አይታወቅም። እኔ ቀለሙን አልጣልኩትም፤ ቀለም ብቻውን እንዲናገር አልፈቀድኩለትም እንጂ። ሦስት ድርብ መስመር ነው፣ ስምንት እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ አምስት የተቆራረጠ ነው። ቁጥራቸው ዳር ላይ ሳይሆን እዚያው መስመሩ ሆድ ውስጥ፣ በየጥቂቱ ተደጋግሞ ይገባል። አንዱ ጠቆር ካለ ጎረቤቱ ፈካ ይላል። ሥራዬን ሁሉ የምፈትነው በሱቁ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ማሽን ነው፤ በግራጫ ታትሞ የሞተ ካርታ ለኔ ሙት ነው፣ ምን ቢያምር።

መጀመሪያ አካባቢ ግን ሞኝ ነበርኩ። የሠራሁትን ሁሉ አባቴ ፊት አቀርበዋለሁ፤ «ከገበያ ወደ ሆስፒታል?» ስለው ጣቱ ሳይሳሳት ይደርሳል፤ እኔ ደስታዬን አልችለውም። አንድ ቀን ካርታውን ገልብጬ ሰጠሁት፤ አሁንም ደረሰ። ለካ ካርታውን አያይም! ይህንን ከተማ እጁ ነው የሚያውቀው። እንደ ሐኪሙ መጽሐፍ በቃሉ ነው የሚወጣው። ከዚያ ወዲያ የሌለ ከተማ ፈጠርኩለት። የሌለ ወንዝ፣ የሌሉ ፌርማታዎች፣ የማይታወቁ ስሞች። ማታ ማታ እራት ሲነሳ በዚያች የሌለች ከተማ እልከዋለሁ፤ ሲጠፋብኝ መስመሩን አፍርሼ እንደገና እሠራለሁ። አይነጫነጭም። አንዳንዴ ብቻ፣ «ይቺ ከተማሽ ድልድይ አነሳት» ይላል።

«ዛሬ ምን ልትያቸው ነው?» አለኝ፣ ወይዘሮ ቲትየን ከወረዱ በኋላ።

«ሰውዬው ሊመጣ አልቻለም እላቸዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የሃምቡርጎቹ ያልፋላ! ከረሜላ የመሰለ ካርታ ይሰቅሉልሃል።»

ሻዩን ጠጣ። ስኳሩ ታች ሳይሟሟ ቀርቶ ነበር፤ ብርጭቆውን አዘንብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ስሙን እንደማልጠራ ያውቃል። ስሙን ካልጠራሁ ካርታው እንደሚወድቅም ያውቃል። ከታወቀበት ደግሞ ከዚያች ትራም ከሚነዳባት የመስታወት ክፍል ወርዶ፣ ጡረታው እስኪደርስ ጋራዡ ውስጥ የትራም ወንበር ሲወለውል እንደሚኖር ሁለታችንም እናውቃለን፤ ያውም ካላባረሩት። ትራም አለፈ፣ ማንኪያዎቹ አወሩ።

«ስምንትን ጥርስ ያወጣሽለት ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ፤ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ከሰዓት በፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ሠርቼ፣ ወደ ስብሰባው የሄድኩት በእሱው ትራም ነው። መስመር ሦስት መጨረሻው ጋራዡ ደጃፍ ስለሆነ ሌላ ምርጫ የለም። ከገበያው ስሳፈር ወይዘሮ ቲትየን ከፊት፣ ልክ ከአባቴ ጀርባ ካለው ወንበር ላይ ተሰይመዋል፤ ለከሰዓቱ ሥራ መግባታቸው ነው። ጎናቸው ውሻ የታቀፈች ሴት አለች። ከአባቴ ጭንቅላት የሚለያቸው አንድ መስታወት ነው፤ መስታወቱም ላይኛው በኩል ክፍት ነው።

«ቀይና አረንጓዴ አይለይም ይባላል» ይላሉ ለባለ ውሻዋ። «እኛ ደግሞ ነፍሳችንን ሰጥተን እንቀመጣለን።»

«ጉድ!» አለች ሴትዮዋ። «መብራቱን እንዴት ያልፈዋል ታዲያ?»

«በዕድል ነዋ! በዕድል! ጋሪውን የገጨው ለት ዕድሉ አልቆ ነበር።»

እኔ ምሰሶውን ይዤ ቆሜ የአባቴን ማጅራት አያለሁ። ፀጉሩ ከኮፍያው በታች አጠር ብሎ ተቆርጧል፤ እኔ ነኝ የቆረጥኩት። አልዞረም፤ ትከሻውም አልተነቃነቀም። መስቀለኛው መንገድ ላይ ስንደርስ ከፊታችን ያለችው የትራም ምልክት የተጋደመ ነጭ የብርሃን ዘንግ አሳየች። እንቁላል ጭኖ እንደሚሄድ ሰው አቆመው፤ የቆመ አንድም ሰው አልተወዛወዘም። ዘንጉ ተነሥቶ ቀጥ ሲል ተንቀሳቀሰ።

ወይዘሮ ቲትየን መስታወቱን በቀለበታቸው አንኳኩ። «አያችሁ አነዳድ? ሁሉም እንደ ፎልክማር ቢሆን ምን ነበረበት! ዓይን እንዲህ ነው!»

«ከሾፌሩ ጋር መነጋገር ክልክል ነው፣ ወይዘሮ ቲትየን» አለ አባቴ፣ ወደ ፊት እንዳየ።

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከበሩ በላይ በተለጠፈው አሮጌ ካርታ ሥር አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን እየጎተቱ ነበር፤ ገመዱን ይዘው ወደቡ ደረሱና ጣታቸው ወደዚህ አለ፣ ወደዚያ አለ። የሆስፒታል ቀጠሮ እንዳላቸው ያስታውቃሉ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ በላስቲክ ውስጥ ነጠላ ጫማ ይዘዋል። የዓሣ ፋብሪካውን ክር የሆስፒታል መስሏቸው ስምንትን ለመያዝ ወደቡ ላይ ሊወርዱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ሆስፒታሉ የሚቀጥለው ነው።»

«አይ ይሄ ዓይኔ!» አሉ አፍረው።

«ዓይንዎ አይደለም። ካርታው ነው።»

ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ መስታወቱ ላይኛው በኩል ክፍት መሆኑን እያወቅኩ። አባቴ በኋላ ማያው መስተዋት አየኝ። እኔም አየሁት። ሁለታችንም ቀድመን ዓይናችንን ለመንቀል የተሽቀዳደምን መሰለኝ።

ስብሰባው ከጋራዡ በላይ ባለች፣ የዘይትና ሐዲድ ላይ የሚነሰነስ አሸዋ ሽታ ከታች በሚወጣባት ክፍል ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ ፔርሙስ ሻይና ጥርስ የሚሰብር ብስኩት። ብሮክሆፍ አለ፤ የማስታወቂያ ክፍሉ ሰው አለ፣ ዛሬ ካሜራ ይዟል፤ ሰብሳቢዋ የመንገደኞች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ወይዘሮ ኦልትማንስ ናቸው። እሳቸው ሻይ ቀድተው ሰጡኝና አንድ ነገር ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ብሮክሆፍ መዳፉን አነሣ። «የኔ ጉዳይ ይቅደም ብለን ተስማምተናል።» ኦልትማንስ ሰዓታቸውን አይተው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

«ሾፌሩስ?» አለኝ ብሮክሆፍ።

«አልመጣም።»

«አልመጣም ወይስ የለም?»

መልስ በመስጠት ፈንታ በግራጫ ያተምኳቸውን ሁለት ወረቀቶች አወጣሁና ፊቱ ዘረጋኋቸው። አንዱ አሮጌው ካርታ፣ ሌላው የኔው። «ሾፌሩን ይተዉት። እርስዎ ራስዎ በግራጫ ያንብቡት፤ ስምንት የት ይገባል?» አልኩት። ይህ ያሸንፍልኛል ብዬ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በልቤ ሳጫውተው ያደርኩት ይህንን ነው፤ ብሮክሆፍ ጣቱን ሲጎትት፣ ሲጠፋ፣ ፊቱ ሲለዋወጥ። ብሮክሆፍ ግን ወረቀቶቹን በክንዱ ወደ ጎን ገፋቸው። «መንገደኞቻችን በግራጫ አይሳፈሩም፣ ወይዘሪት» አለ። የማስታወቂያው ሰው ያችን ሳቁን ሳቀ።

«እንግዲህ ልንገርዎ» አለ ብሮክሆፍ፤ ድምፁ የትናንቱ የስልክ ድምፅ ሆነ። «ከሰኞ ጀምሮ ጋራዡ ታምሷል። ሰዎቼ እርስ በርስ ካልሲ ይተያያሉ። አንዱን ልጅ ‹ዕውሩ› እያሉት ትናንት ሥራ ሳይገባ ዋለ። እዚህ ክፍል ውስጥ ‹ከራስዎ ሾፌሮች አንዱ› ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ስሙን ይሰጡኛል፣ ወይ ዋሽተዋል።»

በሕይወቴ ብዙ ተብያለሁ። ያልተማረች ተብያለሁ፣ ምላሰኛ ተብያለሁ፣ ከወንበሯ በላይ የምትቀመጥ ተብያለሁ፤ ሁሉንም ባርኔጣ እንደሚደፋ ሰው ደፍቼ ዞሬያለሁ። ውሸታም ያለኝ ግን አልነበረም። ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ቃል እንኳ አያስፈልግም፤ ወደ መስኮቱ ብዞርና ከታች ማዞሪያው ላይ የቆመውን ትራም በአገጬ ባሳየው ይበቃል። ሻዬን ያዝኩ፤ ሞቃት ነበር፤ እስኪፈጀኝ ያዝኩት።

«ዋሽቼ ነው» አልኩ።

ኦልትማንስ ቀና አሉ። ብሮክሆፍ ወደ ኋላ ተደግፎ ሲተነፍስ ሰማሁት፤ ደስ አላለውም፣ የበለጠ የከፋው ይመስል ነበር። ከዚያ ከኋላዬ፦

«አልዋሸችም።»

በሩን ሲከፍት አልሰማሁትም። ኮፍያውን በእጁ ይዟል፤ ግንባሩ ላይ የኮፍያው ዙሪያ ታትሞበታል። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ባለችው አጭር ዕረፍቱ ነው የወጣው፤ ያችን ዕረፍት ሁልጊዜ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዳቦውን በልቶ ነው የሚያሳልፋት።

«አባዬ፣ ውጣ» አልኩት።

«ፎልክማር፣ ቀልድ የለም አሁን» አለ ብሮክሆፍ።

አባቴ ወደ ግድግዳው ሄዶ አሮጌው ካርታ ላይ መዳፉን አሳረፈ። «ይሄ ለኔ አንድ ገመድ ነው። ከዚህ እስከዚህ። ከተሰቀለ ጀምሮ አንብቤው አላውቅም።»

ብሮክሆፍ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ማህደሮች ሁለቱን አንሥቶ ወደ ላይ ያዛቸው። እጁ ፈጠነ፤ ከመጠየቁ በፊት መልሱን የፈራ ሰው እጅ ነበር። «ቀዩ የትኛው ነው?»

«ብገምትልህ ምናልባት አገኘዋለሁ» አለ አባቴ። «አልገምትም ግን።»

«የኛስ ምልክቶች?»

«የኛ ምልክቶችማ ቀለም የላቸውም። የተጋደመ ነጭ፣ ቁም። የቆመ ነጭ፣ ሂድ። ያንን የሠራው ሰውዬ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እኔን አስቦኛል። የመኪኖቹ የትራፊክ መብራት ደግሞ ቀዩ ሁልጊዜ ላይ ነው።»

«ሐኪሙስ? በየጊዜው ያሳልፍሃል እኮ!»

አባቴ ጫማውን አየ። እኔም ጫማውን አየሁ፤ በደንብ ተጠርጓል። «መጽሐፉን በቃሌ ነው የማውቀው» አለ፤ ድምፁ ስለወረደ የማስታወቂያው ሰው ለመስማት ጎንበስ አለ። አንድ ሁለት ቁጥሮቹን ጠራ፣ ማስረጃ እንደሚያቀርብ ሰው፤ ሦስተኛው ላይ ተወው። እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

ብሮክሆፍ ማህደሮቹን አስቀመጠ። ክፉ ሰው ነው ብዬ ልጽፈው በቻልኩ ደስ ባለኝ። ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አድርጎ፣ «ፎልክማር፣ ይህንን ሳልሰማ ብውል ነበር የሚሻለኝ» አለ። «እዚህ ክፍል ውስጥ በራስህ አፍ ተናግረህ፣ ሰው እየሰማ፣ ምን ላድርግልህ? ሰምቻለሁ አሁን።»

«አውቃለሁ።»

«ቁልፉን ስጠኝ።»

አባቴ የትራሙን ቁልፍ ከቀበቶው ለመፍታት ተቸገረ። ቀለበቷ ከመክረሟ የተነሣ ቀበቶው ላይ ጎድጉዳ ነበር። ላግዘው ተነሣሁ፤ በክንዱ ከለከለኝ። በመጨረሻ ወለቀችና ከብስኩቱ አጠገብ አኖራት፤ ስታርፍ ድምፅ እንዳታሰማ በጣቱ ደግፎ ነው ያኖራት።

«ሦስትን ማን ይወስዳታል?» ሲል ጠየቀ። «መንገደኛ ተቀምጦባታል። ከኋላኛው በር ጋ አንዲት ጋሪ ያላት እናት አለች፤ በሩን ቶሎ አይዝጉባት።»

«እንፈልጋለን ሰው። ና፣ አብረን እንውረድ።»

አባቴ ወደኔ ዞረ። ኮፍያውን አየው፣ ያድርገው አያድርገው አላወቀም፤ ብብቱ ሥር ወተፈውና ከብሮክሆፍ ቀድሞ ወጣ። ደረጃውን ሲወርዱ የሁለቱ እርምጃ ይሰማ ነበር፤ አንዱ ፈጠን ያለ፣ አንዱ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ የሚወርድ ሰው።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ቀረን። በመስኮቱ ወደ ታች አየሁ። ትራሙ ማዞሪያው ላይ በሮቹን ከፍቶ ቆሟል፤ ውስጡ ሰዎች ሰዓታቸውን ያያሉ። ምን ሆነ ብለው ከምግብ ቤቱ ደጃፍ የወጡ ሴቶች አሉ፤ ነጭ ሽርጥ ለብሰዋል። ካርታዬ ቢወድቅም ይውደቅ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን መውደቅ አይችልም፤ ተከፍሎበታል። ይህንን አስቤ አፈርኩ፤ አፍሬም አሰብኩት።

ወይዘሮ ኦልትማንስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከቀዝቃዛው ሻዬ ላይ ትኩስ ጨመሩልኝ፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ሊያደርጉ ብለው ወንበሬ ላይ አሳረፉት።

«እንግዲህ ሁለተኛው ጉዳያችን» አሉ። «በዚህ ሰዓት ደስ አይልም፤ ግን ላቆየው አልችልም። እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ። ካርታሽ ተመርጧል።»

«አሁን ነው የወሰናችሁት?» አልኩ። «አሁን እሱ ስለተናገረ?»

«ኧረ ምን በወጣው!» አሉ፣ ሊያጽናኑኝ። «ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ነው፤ አንቺ አሳይተሽን በሄድሽ ማግሥት። ዳይሬክተሮቹ የሃምቡርጉን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሡትም፤ ከሰኞ ጀምሮ ማተሚያ ቤት ነው። ዛሬ የጠራንሽ ልንነግርሽና ፎቶ ልናነሣሽ ነበር። ብሮክሆፍ የጠየቀው ስለ ሾፌሩ ብቻ ነው እንጂ፣ በካርታው ላይማ ድምፅም የለው።»